ቦታ ይከሰሳልን?

ቃየል ወንድሙን በሜዳ በገደለ ጊዜ የአቤል ደም ከምድር ወደ ፈጣሪው እንደ ጮኸ በኦሪት ዘፍጥረት የተነገረውን በማስተዋል የሚያነብ ሰው፣ በዚያ በመጀመሪያው የነፍስ ግድያ ምድር የቆመችው በምስክር ወገን እንጂ በተከሳሽ ወገን እንዳልነበረ ይረዳል፤ ደሙን የተቀበለች እርሷ ስትሆን ስለ ወንድሙ ደም የተጠየቀው ግን ቃየል ነበርና። በዘመናችን የሕዝቡ አቤቱታ ከየፖሊስ ጣቢያው ተሰብስቦ በቁጥር ከተጠቃለለ በኋላ፣ እያንዳንዱ ስርቆትና ድብደባ፣ እያንዳንዱም ዝርፊያ በከተማው ካርታ ላይ በነጥብ እየተመለከተ፣ ነጥቡ የበዛበት ሥፍራ በቀይ ቀለም እየተለየ፣ የጥበቃው ኃይል ወዴት እንደሚሰማራና በየትኛው ሰዓት እንደሚቆም በዚሁ ሥዕል የሚወሰንበት አሠራር ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ወደ እኛም እየደረሰ በመሆኑ፣ አንድ ከባድ ጥያቄ ከፊታችን ቆሟል። ቦታ በደለኛ ይሆናልን? ሰውስ እጁ የሠራው ሥራ ሳይታወቅ፣ በቆመበት ሥፍራ ምክንያት ብቻ ሊጠረጠር ይገባልን?

ነገሩ ረቂቅ ሐተታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በአንድ በታወቀ ሥፍራ ላይ ማቆም ይሻላል፤ እኔም ለዚህ የመረጥሁት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ፣ ከእህል በረንዳና ከአውቶቡስ ተራ ሳይርቅ የሚገኘውን ጎጃም በረንዳን ነው። ሌሊቱን የዓባይን በረሃ ያቋረጡ የጭነት መኪኖች ደርሰው ሸራቸው ሲፈታ፣ ተሸካሚው ኩንታሉን ከመኪናው ጠርዝ በጀርባው ተቀብሎ፣ ወገቡን አስተካክሎ፣ ‹ዞር በሉ!› እያለ በእግረኛው መካከል ሲያልፍ፣ ደላላው ዋጋ ሲቆርጥ፣ ሻይ አፍይዋ ከሰሏን ስታራግብ ያየ ሰው፣ ሥፍራው ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ ሥፍራ መሆኑን አይስትም። ከመኪናውም የሚወርደው ጭነት ብቻ አይደለም። ከቢቸና ወይም ከዳንግላ ወገን የመጣ ጎልማሳ፣ ጋቢውን እንደ ተከናነበ፣ ገንዘቡን በመቀነቱ ቋጥሮ፣ በከተማው ከሚኖር የአገሩ ሰው ስምና ምናልባትም ከስልኩ ቁጥር በቀር ሌላ መመሪያ ሳይኖረው፣ ወደ ቀኝ ልሂድ ወይስ ወደ ግራ እያለ ሲያመነታ ይታያል፤ የነጣቂውም ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በዚሁ ማመንታት ላይ ነው። የመርካቶ ስም በተጠራ ቁጥር ኪሱን የሚዳብስ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሥፍራው ራሱ በሌሎች እጅ በተሰመረ መስመር የቆመ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት፣ በ1928ና በ1933 ዓ.ም. መካከል ባለው ዘመን፣ በአራዳ በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የሕዝብ ገበያ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት በተነደፈ ፕላን መሠረት ወደ ምዕራብ እንዲገፋ ተደረገ። መርካቶ በካርታ ላይ የተፈረደባት ገና በልደቷ ነው።

ካርታውን ለመንቀፍ የተነሣ ሰው ግን አስቀድሞ ስለ እውነትነቱ ሊመሰክርለት ይገባል፤ በደል በምድር ላይ በእኩል የማይከፋፈል መሆኑ የተረጋገጠ ነገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1829 ባልቢና ጌሪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የፈረንሳይን ወንጀል በየግዛቱ ከፍለው በካርታ ባሳዩ ጊዜ፣ ትምህርት በተስፋፋበት በሰሜኑ ወገን በንብረት ላይ የሚፈጸመው ወንጀል በዝቶ በመገኘቱ፣ የወንጀል ሁሉ ሥር መሃይምነት ነው ይሉ የነበሩት ሰዎች ሐሳባቸውን እንደገና ለመመርመር ተገደዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ሎውረንስ ሸርማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ወደ ፖሊስ የተደረጉትን ጥሪዎች መርምረው፣ ከጥሪዎቹ እኩሌታ ያህሉ የተነሡት ከከተማው አድራሻዎች 3 በመቶ ገደማ ከሚሆኑት ብቻ መሆኑን ገለጡ። ይህ ግኝት በጥሞና ቢታይ ለድሃ ሰፈር ጠበቃ የሚቆም ነው፤ ክፉ ስም በወጣለት ሰፈር እንኳ አብዛኛው ደጅና አብዛኛው መተላለፊያ ሰላማዊ መሆኑን፣ በደል የሚደጋገመው በጥቂት ማዕዘን፣ በጥቂት ደጃፍ፣ ያውም በታወቀ ሰዓት መሆኑን ያስረዳልና። በዚያው ከተማ ቆይቶ የተደረገ ጥናት ፖሊስ በእንዲህ ያለው ማዕዘን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ታይቶ ቢሄድ፣ ያስገኘው ጸጥታ ከሄደም በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንደሚቆይ አሳይቷል። ማንንም ሳይደበድብ፣ ማንንም ሳያስር፣ በመታየቱ ብቻ በደልን ለሚያስቀር ሥራ የሚረዳ ዕውቀት ንቀት አይገባውም። የኛም ፖሊስ የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ በደረሰ ቁጥር በገበያ ስለሚበዛው ስርቆት ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ፣ በካርታ ባይሥለውም ይህንኑ ዕውቀት በልምድ እየተጠቀመበት ነው።

እንግዲህ ክርክሩ በነጥቡ ምንነት ላይ ነው። ነጥቡ በካርታው ላይ ከማረፉ በፊት በጣቢያው የሚሆነውን ቀርቦ መመልከት ያስፈልጋል። ስልኩ የተሰረቀበት ሰው በመርማሪው ፊት ተቀምጦ ቃሉን ሲሰጥ፣ የት እንደ ተወሰደበት ቢጠየቅ፣ የሚያውቀው መጥፋቱን ያወቀበትን ሥፍራ እንጂ እጁ የገባበትን ሥፍራ አይደለም። ከአውቶቡስ ተራ ጀምሮ ከሰው ጋር እየተጋፋ መጥቶ ኪሱን የዳሰሰው ጎጃም በረንዳ ሲደርስ ከሆነ፣ ‹ጎጃም በረንዳ አካባቢ› ብሎ ይመልሳል፤ በመዝገቡም እንዲሁ ይጻፋል። በከተማችን መንገድ የሚነገረው በቤት ቁጥር ሳይሆን በታወቀ ምልክት ስለሆነ፣ ስሙ የታወቀው ሥፍራ ስም የሌላቸውን የጎረቤቶቹን ቅያሶች ዕዳ ደርቦ ይሸከማል። ከዚህም በላይ በሥፍራው ከሚያድረው ሕዝብ ይልቅ ቀን የሚመላለሰው እጅግ ብዙ ነውና፣ የወንጀሉን ቁጥር በነዋሪው ቁጥር የሚያካፍል ሰው መርካቶን ከከተማው ሁሉ የከፋች አድርጎ ሊያሳያት ይችላል፤ በሚመላለሰው ቁጥር ያካፈለው ግን ምናልባት የተለየ ፍርድ ይሰጣል። መዝገቡ አንድ ሲሆን ፍርዱ ሁለት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተጻፈው ነጥብ ይልቅ ኅሊናን የሚያስጨንቀው ደግሞ ያልተጻፈው ነው። የቀን ምንዳውን በአልጋ ቤት የተዘረፈው ተሸካሚ፣ መታወቂያ አምጣ እባላለሁ ብሎ ስለሚፈራ፣ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ በጣቢያ መቀመጥም ስለማይችል፣ ገንዘቡን ለእግዚአብሔር ትቶ በማግሥቱ ወደ ኩንታሉ ይመለሳል። በጨለማ መተላለፊያ ክብሯ የተደፈረችው የቤት ሠራተኛ ለእመቤቷም ለአገሯ ሰውም አትናገርም። የእነዚህ ሰዎች በደል በካርታው ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ነጩንም የሚያይ ሹም ሰላም ነው ብሎ ያልፈዋል።

በሌላውም ዓለም የታየው ፈተና ይኸው ነው። ክርስቲያን ለምና ዊልያም አይዛክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ወንጀል የሚፈጸምበትን ሥፍራ አስቀድሞ እተነብያለሁ የሚለውን ስልት በኦክላንድ ከተማ የአደንዛዥ ዕፅ መዝገብ ላይ ፈትነውት፣ የዕፁ ተጠቃሚ በከተማው ሁሉ ተበትኖ ሳለ ስልቱ ፖሊስን ደጋግሞ የሚልከው ቀድሞ ብዙ እስራት ወደ ተመዘገበባቸው የጥቁሮችና የድሆች ሰፈሮች መሆኑን አሳዩ፤ ፖሊሱ በተላከበት ያስራል፣ ያሰረው ይመዘገባል፣ የተመዘገበውም መልሶ ወደዚያው ይልከዋል። ሎስ አንጀለስ ከተማ ለብዙ ዓመታት የሠራችበትን እንዲህ ያለውን የትንበያ ስልት እ.ኤ.አ. በ2020 ተወችው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1994 ኮምፕስታት የተባለውን ሥርዓት ዘርግታ፣ የየጣቢያውን አዛዥ በቁጥርና በካርታ ፊት እያቆመች ስትጠይቅ ወንጀል እጅግ መቀነሱ የሚነገርላት ቢሆንም፣ ቁጥሩ የሹመት መመዘኛ ከሆነ ወዲያ በአንድ ጣቢያ ከባዱን በደል ቀላል አድርጎ መመዝገብ እንደ ነበረ ኋላ በምርመራ ተገልጧል። ሰው ቁጥሩን ማሳመር ከሰላሙ ይልቅ የቀለለው እንደሆነ ቁጥሩን ያሳምራል፤ ይህ የአሜሪካኖች ብቻ ጠባይ አይደለም።

ስለ ሰዶምና ስለ ገሞራ የተነገረውን ታሪክ ያስታወሰ ሰው በዚህ ላይ ታላቅ ሥርዓት ያገኛል። የልብን የሚያውቅ አምላክ፣ የሁለቱ ከተሞች ጩኸት ወደ እርሱ በደረሰ ጊዜ፣ ሥራቸው እንደ ጩኸቱ መሆን አለመሆኑን ለማየት እንደሚወርድ ለአብርሃም ገለጠለት፤ ማየት የማያስፈልገው እርሱ ሳያይ አልፈርድም ማለቱን ከጥንት ጀምሮ ብዙ መምህራን ለምድር ዳኞች የተሰጠ ትእዛዝ አድርገው ተርጉመውታል። አብርሃምም ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ድረስ እየቀነሰ የማለደው፣ ጻድቁ ከኃጥኡ ጋር አብሮ መጥፋቱ ከፍትሕ ርትዕ ጋር እንደማይስማማ ስላወቀ ነበር። በአንድ ቀይ ክበብ ውስጥ ስንት ሺህ ተሸካሚ፣ ስንት ሺህ ቸርቻሪ፣ ስንት እናት እንዳለች ለሚያስብ ሰው ይህ ምልጃ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም።

አገራችንም ሌባን በመሣሪያ መፈለግን ዛሬ አልጀመረችውም። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር፤ አንድ ለጋ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት በወተት ተበጥብጦ እንዲጠጣ ተደርጎ፣ ወገቡ በመቀነት ታስሮ፣ ጌታው መቀነቱን ይዞ እየተከተለው በመንደሩ ውስጥ ይለቀቅና፣ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር። የመዝገብና የስሌት ዕውቀትን ከዚህ ጋር አንድ ነው ማለት ግፍ ነው፤ አንዱ ድግምት፣ ሌላው ጥበብ ነውና። ሆኖም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ልጁ ለምን እዚህ ቤት እንደ ወደቀ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ቢጠየቅም አይመልስም። ዛሬም አንድ ሹም ‹ኮምፒዩተሩ ያመለከተው ይህንን ነው› ብሎ ከተናገረ፣ ከዚያም ወዲያ ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው ከጠፋ፣ የተያዘው ሰው የሚከራከርበት አፍ አጥቷል። በአንጻሩ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የምንለው የአባቶቻችን ሥርዓት የአገሩን ሰው በአንድ ሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ የሚጠይቅ ስለነበረ፣ ምስክሩ ሰው፣ ማስረጃውም የሚመረመር ነበር፤ በደለኛው ሳይገኝ ሲቀር ግን ዕዳውን በአገሩ ሰው ሁሉ ላይ መጣሉ፣ ያላጠፋውን ከአጥፊው ጋር ማስከፈሉ ትልቅ ጉድለቱ ነበር።

እኔ ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ካርታውና አፈሳ የተገናኙ እንደሆነ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384፣ የተለዩ ድርጊቶችን ቢዘረዝርም፣ መነሻው ለሥራ ብቁ ሆኖ ሳለ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ነው፤ በዚህ የተጠረጠረም ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ ይከለክላል። መኪና እስኪመጣ ድረስ በጎጃም በረንዳ ግድግዳ ተደግፎ በብርድ የሚጠብቀው ተሸካሚ፣ ኩንታሉ በጀርባው ላይ እስኪያርፍ ድረስ የሚታይ መተዳደሪያ የለውም። ሥፍራው በካርታ ቀልቷል፣ ሰዓቱ ጨለማ ነው፣ ሰውየው መታወቂያ አልያዘም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንድም በደል ሳይሠራ በደለኛ መስሎ ይገኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው እንኳ ጥፋቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ንጹሕ አድርጎ ሲቆጥረው፣ ያልተከሰሰው ሰው በሥፍራው ምክንያት ከተከሳሽ ያነሰ ክብር ሊኖረው አይችልም። ነጋዴው ሱቁ በተሰበረበት ማግሥት አፈሳ እንዲደረግ ቢጮኽ አልፈርድበትም፤ ንብረቱ ተነጥቆበታልና። የታፈሱት ሰዎች ሲለቀቁ ግን የያዙት ሥራ ጠፍቶ፣ ምንዳቸው ተበልቶ፣ በመንግሥት ላይ ያላቸው እምነት ደርቆ ይመለሳሉ፤ ከዚያም በኋላ ሌባውን ቢያዩት እንኳ ለፖሊስ አይጠቁሙትም።

ትንቢትስ? በካርታ ላይ የነገን ስርቆት አየሁ ማለት፣ በጥልቀት ቢመረመር፣ ነገረ ሃይማኖትን የሚነካ አነጋገር ነው። እሳትና ውኃ በሰው ፊት መቅረባቸውን፣ እጁንም ወደ ወደደው መስደድ እንደሚችል በመጽሐፈ ሲራክ የተማርን ሕዝቦች ነን፤ የእግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቅ እንኳ የሰውን ነፃ ፈቃድ እንደማያስገድድ አባቶች አስተምረውናል። የብዙ ሰዎች ያለፈ ሥራ ተደምሮ የአንዱን ሰው የነገ ፈቃድ ሊያስር አይችልም። ካርታው ስለ ማዕዘኑ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጨለማው ሊናገር ይችላል፤ በማዕዘኑ ስለ ቆመው ሰው ልብ ግን የሚያውቀው ምንም የለም።

ታዲያ በደልን በምድር ላይ መለካት ምን ይረባል የሚል ቢኖር፣ መልሱ በኦሪት ዘዳግም በ21ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ስለ ወንጀል ሥፍራና ስለ ልኬት የተደነገገ ከዚህ የበለጠ ጥልቅ ሕግ የለም። ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ወድቆ ቢገኝ፣ ሽማግሌዎችና ዳኞች ወጥተው ከሬሳው ጀምሮ በዙሪያው ወዳሉት ከተሞች ያለውን ርቀት እንዲለኩ ታዘዋል። ልኬቱ አልቆ የቀረበችው ከተማ በታወቀች ጊዜ ምን ይደረጋል? ወታደር ገብቶ ጎልማሶቿን አያፍስም፤ ነዋሪዋም አይቀጣም። የዚያች ከተማ ሽማግሌዎች ቀንበር ያልተጫነባትን ጊደር ይዘው፣ ወዳልታረሰና ወዳልተዘራ ወራጅ ውኃ ወዳለበት ሸለቆ ወርደው፣ በካህናት ፊት እጃቸውን በጊደሯ ላይ እየታጠቡ፣ ደሙን አለማፍሰሳቸውንና ሲፈስም አለማየታቸውን ይመሰክራሉ፤ ስለ ሕዝቡም ይቅርታን ይለምናሉ። ልኬቱ የወደቀው በተሾሙት ላይ ነው። ገመዱ የተዘረጋው ማን እንደሚጠረጠር ለማወቅ ሳይሆን፣ ይህን ሰው ሳይጠብቅ የቀረው የማን ሹመት እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

የአይሁድ መምህራንም ሚሽና በተባለው መጽሐፍ፣ ሶጣ በሚባለው ክፍል፣ ሽማግሌዎች ነፍሰ ገዳይ ናቸው ብሎ ያሰበ ማን አለና ነው እንዲህ የሚምሉት ብለው ጠይቀው፣ ምስክርነቱ ያ መንገደኛ ወደ እኛ መጥቶ ሳለ ያለ ስንቅ አላሰናበትነውም፣ አይተነውም ሳለ ያለ ሸኚ አልተውነውም ማለት መሆኑን ያስረዳሉ። ይህን ቃል ይዞ ወደ ጎጃም በረንዳ የሚመለስ ሰው፣ ከመኪና ወርዶ የሚያመነታውን የቢቸናውን ጎልማሳ በሌላ ዓይን ያየዋል። በመቀነቱ የቋጠረው ገንዘብ ከተወሰደበት በኋላ አንድ ነጥብ ሆኖ በካርታ ላይ ያርፋል፤ ያ ነጥብ ሲለካ፣ ከእርሱ እስከ ቅርቡ የመንገድ መብራት ስንት እርምጃ ነው? እስከ ቅርቡ የፖሊስ ማረፊያስ? ደኅንነቱ የተጠበቀ ርካሽ አልጋ፣ ለእንግዳ መንገድ የሚያሳይ ሰው፣ ያለ መታወቂያ አቤቱታ የሚቀበል ጠረጴዛ በምን ያህል ርቀት ይገኛል? የጎደለው መብራት ከሆነ የመብራት ሹሙ፣ የጎደለው ጥበቃ ከሆነ የጣቢያው አዛዥ፣ የጎደለው ማደሪያ ከሆነ የክፍለ ከተማው አስተዳዳሪ በዚያ ነጥብ ላይ ባለዕዳ ነው።

በዚህ ዐይነት የተያዘ ካርታ ከፖሊስ መምሪያ ግድግዳ ወርዶ በሰው ፊት መነበብን አይፈራም። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መንፈስ የሰው ስም እየተሰወረ፣ የነጥቡ ሰዓትና ሥፍራ ብቻ እየተገለጠ፣ በጎጃም በረንዳ ጉባኤ ተጠርቶ ቢነበብ፣ ከአዛዡ ጋር ተሸካሚዎቹ፣ ደላሎቹ፣ የአልጋ ቤት ባለቤቶች፣ የሌሊት ዘበኞች፣ በየብሎኩ የሚቆሙት የሰላም ሠራዊት አባላት፣ የራጉኤል ካህናትና የአንዋር መስጊድ ሽማግሌዎች ቢቀመጡ፣ ተሸካሚው ተነሥቶ ‹እዚህ ነጭ ሆኖ የቀረው እኛ የምንዘረፍበት ነው› ብሎ ካርታውን ሊያርመው ይችላል። ከሌላው ሁሉ በፊት ግን አዛዡና አስተዳዳሪው በየነጥቡ ላይ ያደረጉትንና ያላደረጉትን እንዲናገሩ ይጠየቁ፤ ዓመቱም ሲዞር የሚመዘኑት ስንት ሰው እንዳፈሱ ሳይሆን፣ ባለፈው ጉባኤ ጎደለ ከተባለው መብራትና ጥበቃ፣ ማደሪያና አቤቱታ መቀበያ የትኛው እንደ ተሟላ ተጠይቀው ነው።